ማስኩ ለባንክ ጥበቃ፣ እጥፉ ለታክሲ፦ በኮሮና ጊዜ የትኛውን ክልከላ አከበርን?

መነሻ

በኢንተርኔት የውይይት ክር ላይ ያነሳሁት ጥያቄ አጭር ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጡትን የኮሮና ክልከላዎች አስታውሱ። የትኛውን አከበራችሁ? የትኛውን ጣሳችሁ? ለምን? ስለ ጎረቤት ሳይሆን ስለ ራሳችሁ ጻፉ አልኩ።

የጠየቅኩት በምክንያት ነው። ስለዚያ ጊዜ በተወራ ቁጥር ሕዝቡ ግድ የለሽ ነበር፣ ቢነግሩት አይሰማም ይባላል። እኔ ይሄ አይዋጥልኝም። መጋቢት ላይ በየሱቁ በር እጁን ሲታጠብ፣ በክርን ሰላም ሲባባል የነበረው ያው ሕዝብ ነው ሐምሌ ላይ ማስኩን አገጩ ላይ ሰቅሎ የሄደው። ሰዉ አልተቀየረም። ሌላ የተቀየረ ነገር አለ።

ለዘነጋ ሰው፦ የመጀመሪያው ታማሚ ይፋ የሆነው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ስብሰባና ስፖርታዊ ውድድር ተከለከለ። መጋቢት 30 የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ሚያዝያ 2 ፓርላማው አጸደቀው። ማስፈጸሚያ ደንቡ፣ ቁጥር 466፣ እጅ መጨባበጥን ሳይቀር ከለከለ። የጣሰ እስከ ሦስት ዓመት እስር፣ ወይም ከ1 ሺህ እስከ 200 ሺህ ብር ቅጣት።

መልሱ ጎረፈ። ዘግይቶ ለመጣ ሰው ብዬ በየቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጣቸዋለሁ።

1. የመጀመሪያው መላሽ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰላምታቸው ብቻ አንድ አንቀጽ ይሆናል። ሁሉንም አክብረዋል። ከቤት አልወጡም፣ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ተከታተሉ፣ ልጆቻቸው አስቤዛውን በር ላይ አስቀምጠው ይሄዱ ነበር። ሕግ ሕግ ነው ባይ ናቸው። የጡረታ ገንዘባቸው ግን በየወሩ ሳይጓደል ይገባላቸው እንደነበር ራሳቸው ጨምረዋል። ይህቺን በመጨመራቸው ወደድኳቸው።

2. ቀጥሎ የሚኒባስ ረዳት ገባ። ያኔ ከጦር ኃይሎች ሜክሲኮ ነበር የሚሠራው። በግማሽ ጫን ተባለ፣ ታሪፉም እጥፍ ሆነ። በወረቀት ላይ ሒሳቡ ይመጣል። ነገር ግን ባለንብረቱ የቀን ገቢውን አልቀነሰለትም፣ ተራ አስከባሪውም ድርሻውን አልማረውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ወንበር ላይ አንድ ሰው ብቻ እያስቀመጠ ሠራ። ሁለተኛ ሰው ሊያስገባ ሲል ተሳፋሪው ራሱ ይጮኽበት ነበር። ከፋሲካ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሰልፍ የሰለቸው ሰው እጥፉንም ከፍሎ፣ ተጠጋግቶም እንዲሄድ ይለምነው ጀመር። ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ትርፎቹ ጎንበስ ይላሉ፣ የቀረው ማስኩን ከአገጩ ወደ አፍንጫው ይስባል። ካለፉ በኋላ መኪናው ውስጥ ሳቅ በሳቅ ነው። ረዳቱ ግን በሽታውን ይፈራ ነበር። ያረጁ እናት አሉት። ማታ ሲገባ ሳንቲሙን በረኪና ውስጥ ይዘፈዝፋል። ብር አይዘፈዘፍም፣ እሱን ጠዋት ፀሐይ ላይ ያሰጣው ነበር።

3. ይህቺ መላሽ በረዳቱ ላይ ወርዳበታለች። ቢሮ የምታጸዳ ሴት ናት። ታሪፉ እጥፍ ሲሆን ደመወዟ እጥፍ አልሆነም። ደርሶ መልስ አራት ታክሲ ትይዝ ነበር። ጠዋት ከሳሪስ እስከ ስታዲየም በእግሯ መሄድ ጀመረች። ማታ ስለሚደክማት ትሳፈራለች፣ ያኔ ደግሞ ታክሲው ጢም ብሎ ሞልቶ ሒሳቡ እጥፍ ነው። በግማሽ ጭኖ እጥፍ መቀበል ይገባታል። ሞልቶ እጥፍ መቀበሉን ግን ከዝርፊያ አትለየውም። ማስክ አውልቃ አታውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ክልከላ ሲባል የሚመጣላት የሰው ኪስ መዳበስ ብቻ ነው።

4. አንድ ቀልደኛ፣ ሒሳብ ተቀባዩም ከፋዩም ማስክ አድርገው ትርፉን ያገኘው ባለንብረቱ ብቻ ነው አለና ወጣ። አልተሳሳተም።

5. ይሄኛው አገሪቱ አምስት ወር ሙሉ ተቆልፋ ነበር፣ ኢኮኖሚውን የገደለውም እሱ ነው ብሎ ደመደመ።

6. እርማቱ ወዲያው መጣ፣ ትሕትና ባለው ቃል። በኢትዮጵያ በአገር አቀፍ ደረጃ ሰው ከቤት እንዳይወጣ የተከለከለበት ቀን የለም። የየብስ ድንበር ተዘጋ፣ ጭፈራ ቤትና ሺሻ ቤት ተዘጋ፣ ትምህርት ተቋረጠ። ገበያውና ሥራው ግን ክፍት ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ያኔ እንደ ሀብታም አገሮች ሁሉን ዘግቶ መቀመጥ እንደማይቻል በግልጽ ተናግረው ነበር፤ መጠለያ የሌለው ዜጋ አለ፣ ቤት ያለውም የዕለት እንጀራውን ፍለጋ ይወጣል በሚል። መላሹ አንድ ነገር ጨምሯል። አየር መንገዱ ወደ ቻይና መብረሩን ባለማቆሙ የካቲት ላይ ስንት ሰው ይጮኽ እንደነበር። በኋላ ወደ 30 አገሮች የሚደረጉ በረራዎች ሲቆሙ ደግሞ ሰዉ ዘገያችሁ አለ። ያኔ መንግሥት ጠበቀ ብሎ ሳይሆን ላላ ብሎ ነበር የሚቆጣው። ይህን ብዙዎቻችን ረስተነዋል።

7. ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የጻፈው ኡበር ነጂ ነው። ክልከላውን ያከበረው ስለተከፈለው ነው፤ ሳይሸፋፍን ተናገረው። የ1 ሺህ 200 ዶላሩ ድጎማ መጣ፣ በሥራ አጥነት ክፍያው ላይ በየሳምንቱ 600 ዶላር ተጨመረ። ቤቱ ቁጭ አለ። አዲስ አበባ ያለችው እናቱ ግን እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ናት። በስልክ ከቤት እንዳትወጣ ሲቆጣት ከረመ። በኋላ ምን እያላት እንደሆነ ሲገባው ቁጣውን ትቶ ብር መላክ ጀመረ። ሰኔ መጨረሻ፣ ሃጫሉ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለሳምንታት ፊቷን አላየም። የጤና ሚኒስቴርን የዕለት ሪፖርት በፌስቡክ ይከታተል የነበረ ሁሉ ያኔ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ብቻ እንደቀረው ያስታውሳል። ሰው ተጠንቀቁ እየተባለ መረጃው የተቆረጠበት ምክንያት ዛሬም አልገባውም።

8. ከእስራኤል አንዲት እህት ጻፈች። እነሱ ዘንድ ነገሩ ጥብቅ ነበር። ያለ በቂ ምክንያት ከቤት 100 ሜትር አልፎ መሄድ አይቻልም፣ ፖሊስ መንገድ ላይ ይቀጣል። እሷና ወላጆቿ እዚያው ከተማ ሆነው የአይሁድ ፋሲካን ለየብቻ በሉ። እሷም ከልቧ ነበር ያከበረችው። በዚያው የፋሲካ እራት ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁ ወንድ ልጃቸውን፣ ፕሬዚዳንት ሪቭሊን ደግሞ ሴት ልጃቸውን ማስተናገዳቸው ሲወጣ ግን አንድ ነገር ተሰበረባት። ሪቭሊን ይቅርታ ጠይቀዋል። እሷ ግን ከዚያ በኋላ ሜትር መቁጠሯን ተወች።

9. ከለንደን የገባው የያኔውን የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰንን አነሳ። ሕዝቡን ቤት ያስቀመጡት ሰውዬ መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ በነበረ ድግስ በፖሊስ ተቀጥተዋል። የእኛዎቹስ የሚል ጥያቄ አስከትሎ፣ በዚያው ክረምት አምስት ቢሊዮን ችግኝ ሲተከል ባለሥልጣናት ተጠጋግተው ቆመው በቴሌቪዥን ማየቱን ጻፈ። እሱን እያየ ጎረቤቱ ቤት ቡና እንዳይጠጣ መከልከሉ አልዋጥ ብሎታል።

ከ10 እስከ 14 ያለው ሁሉ ስለ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ ነው። አንዷ ፌጦ ፈልጋ መርካቶን ስታካልል የዋለችበትን ቀን ጻፈች። ሌላው በመጋቢት ወር የሳይንስ ሰዎች ሳይቀሩ ተስፋ ሰጪ ነው ያሉት የአገር በቀል መድኃኒት የት እንደደረሰ ጠየቀ። መልስ የሰጠው የለም። በመካከሉ የዶሮ ወጥ አሠራር ገባ። እሱን ዘልያለሁ።

15. እዚህ ላይ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። ነርስ ናት። በሕክምና ማዕከል ውስጥ ሠርታለች፣ ሚሌኒየም አዳራሽ በአልጋ ሲሞላ አይታለች። ከላይ ያሉትን በሙሉ ነው የወቀሰችው፤ ረዳቱንም፣ በማስክ የሚቀልደውንም። ተመዝግቦ የሞተው ብቻ ከ7 ሺህ 500 በላይ ነው፣ ሳይመረመር የተቀበረውን የቆጠረው የለም። ከሥራ ስትመለስ ልብሷን በር ላይ አውልቃ በረኪና ውስጥ ትነክራለች። አከራይዋ ይህን ስታይ የግቢውን የጋራ ቧንቧ ቆለፈችባት። ውጪ አላለቻትም፣ ደንቡ ተከራይ ማስወጣትን ይከለክል ነበር። ቧንቧ መቆለፍን ግን የሚከለክል አንቀጽ አልነበረም። በሳምንቱ ዕቃዋን ጭና ጓደኛዋ ቤት ገባች። ማታ ማታ ሰው ለጤና ባለሙያዎች ያጨበጭብ የነበረበት ጊዜ ነው፤ አጨብጫቢውም አከራዩም ያው አንድ ሰው ነው ትላለች።

16. አንድ ዲያቆን በአክብሮት ቀጠለ። እህታችን ብሎ ጀምሮ፣ የሚያዝያ 11ዱን ፋሲካ አነሳ። ሲኖዶሱ ምእመኑ በየቤቱ እንዲጸልይ ወሰነ፣ በሩ ተዘጋ። ሰው ግን ቅጥሩን እየተሳለመ፣ ውጪው ላይ ነጠላውን ተከናንቦ ተራርቆ ይቆም ነበር። እሱ ይህን እንደ ጥሰት አያየውም። መራራቁን ጠብቀው ነበር፣ መቅረቱን ነው ያልቻሉት።

17. ሙስሊም ወንድማችን ተከተለው። ረመዳኑን ያለ ተራዊሕ (የረመዳን የማታ ሶላት)፣ ግንቦት 16 ደግሞ ዒዱን ያለ ስታዲየም አሳለፉ። ከባድ ነበር። ያቀለለላቸው ትእዛዙ የመጣው ከፖሊስ ሳይሆን ከራሳቸው ዑለማዎች አንደበት መሆኑ ነው። በዚያ ሰፈር አንድም ሰው ሲከራከር አላየም።

18. እስካሁን ያልተነሳውን ይሄኛው አነሳው፣ ምርጫውን። ነሐሴ 23 ቀን 2012 ሊደረግ የነበረው ምርጫ ተራዘመ፣ ሰኔ 3 የፌዴሬሽን ምክር ቤት የመንግሥትን ዕድሜ አራዘመ። ለእሱ ኮሮና ከዚያ ቀን ጀምሮ በሽታ ሳይሆን ሰበብ ነው።

19. ይህቺ በቁጣ ነው የመለሰችለት። በሽታውና ሰበቡ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ፣ አጎቷን የገደለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት አለመሆኑን ነገረችው።

20 እና 21 ተሰርዘዋል። ትግራይ ጳጉሜን ላይ ምርጫ ማድረጓ ተነስቶ፣ ከዚያ ጦርነቱ ተከትሎ፣ ስድብ ገባበት። ያ ሌላ ክር ይፈልጋል። ለዚህኛው የሚጠቅመው ግን አንድ ነገር አለ። ከጥቅምት 2013 በኋላ ሰዉ የሚፈራው ነገር በዛና የኮሮና ተራ ወደ ኋላ ሄደ።

22. ወደ ቀልዱ መለሰን። ያኔ ባንክ በር ላይ የቆመ ጥበቃ ያለ ማስክ አያስገባም ነበር። ደጁ ላይ አንድ ሊስትሮ ተቀምጧል። ሊስትሮው ማስክ ያከራያል። ገብተህ ብርህን አውጥተህ ስትመለስ ማስኩን ትመልሳለህ፣ ቀጣዩ ደንበኛ እሱኑ አድርጎ ይገባል። መላሹ ራሱ ተከራይቷል። ማስኩ እርጥብ ነበር። ክልከላው ተከብሯል፣ ጥበቃው ሥራውን ሠርቷል፣ ሊስትሮውም ቀን ወጥቶለታል። በሽታው ብቻ ነው ያልተከለከለው።

23. ይህን ነርሷ አይታ አንድ መስመር ጻፈች። ልድገመው አልልም።

24. ከሳዑዲ በሚያዝያ 2012 የተመለሰ ልጅ ነው። ለእሱ ክልከላ ማለት ማስክ አይደለም። ታጉሮ ከነበረበት አውጥተው አውሮፕላን ላይ ጫኑት፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ለይቶ ማቆያ ገባ። ገንዘብ ያለው ሆቴል ከፍሎ 14 ቀኑን ቆጠረ፣ እሱና መሰሎቹ የተማሪ ማደሪያ ውስጥ ሰነበቱ። ፍራሽና ሦስት ጊዜ ምግብ አገኘ። ያንን ያህል አርፎ እንደማያውቅ ነው የጻፈው። ክልከላውን የወደደ ብቸኛው መላሽ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ላይ በአሠሪዎቻቸው የተጣሉትን እህቶች ግን ማንም እንዳይረሳ ለመነ።

25. አንድ አዛውንት ክሩን ወደ 1911 ወሰዱት፣ ወደ ኅዳር በሽታ። አያታቸው የነገሯቸውን ነው የሚያወሩት። ሬሳ የሚያነሳ ጠፍቶ ነበር፣ አቅም ያለው ከተማውን ጥሎ ሸሸ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ተረፉ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠለው ከዚያ የመጣ ነው። በርሳቸው ግምት ያን ጊዜ ሰዉን ያራራቀው አዋጅ ሳይሆን ፍርሃቱ ራሱ ነበር።

26. ወጣቱ አከበራቸው ግን አልተስማማም። ጋሼ ብሎ ጀምሮ፣ ጭስ ቫይረስ እንደማይገድል፣ ኅዳር ሲታጠን ላስቲክ የሚያቃጥለው ሰፈር አስም ያለባትን እህቱን ሆስፒታል እንዳስገባት ጻፈ።

27. የክሩ ምርጥ መልስ ለእኔ ይሄ ነው። የእድር ዳኛ ናቸው። አዋጁ ሳይወጣ እድራቸው ተሰብስቦ ወሰነ፦ ድንኳን አይተከልም፣ ንፍሮ አይቀቀልም፣ ገንዘቡ ለሟች ቤተሰብ በር ላይ ይሰጣል፣ ቀብር የቅርብ ዘመድ ብቻ ይሄዳል። ሁለት ለቅሶ በዚሁ አለፈ። ሦስተኛው የአንድ ባለሀብት አባት ሞቱ። ልጁ በራሱ ገንዘብ ድንኳን አስተከለ። ወንበር፣ ድስትና ብርጭቆ ከእድሩ ዕቃ ቤት ሊወስድ ሰው ላከ። ዳኛው ቁልፉን አልሰጥም አሉ። አማላጅ መጣ፣ ወረዳ የሚያውቀው ሰው ሳይቀር ደወለ። ቁልፉ አልወጣም። ድንኳኑ ባዶውን ቆሞ ዋለ፣ የሚቀመጥበት የለማ! ማታ ነቀሉት። ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ ድንኳን የተከለ የለም። ፖሊስ ግን አንድ ቀን እንኳ እዚያ ሰፈር አልመጣም።

እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። ከላይ ያሉትን ደግማችሁ እዩዋቸው። መምህሩም፣ የዲሲው ነጂም፣ የሳዑዲው ልጅም ክልከላውን ማክበር ከእንጀራቸው አላጣላቸውም። ረዳቱና ጽዳት ሠራተኛዋ በሽታውን ከእነሱ ባላነሰ ይፈሩ ነበር፣ ግን ሒሳቡ የወደቀው እነሱ ላይ ነው። እድሩ ደግሞ ድሀውንም ሀብታሙንም በአንድ ቁልፍ ዘጋ። እንግዲህ ሕዝቡ አይሰማም የሚለው ሰው መጀመሪያ ለማን፣ በምን ዋጋ እንደተነገረው ይንገረኝ።

28. አንዱ ይህን አልተቀበለም። አስተያየቴ የጣሰውን ሁሉ ነጻ ማውጫ ነው ባይ ነው። እሱ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ማስክ ሳያወልቅ ሠርቷል፤ ማስክ ደግሞ አፍ ላይ እንጂ ኪስ ላይ አይደለም የሚደረገው። ነጥቡ ነጥብ ነው። ማስክን በተመለከተ መልስ የለኝም።

29. አንድ ተከራይ ወደ ነርሷ ታሪክ ተመልሶ፣ ለእሱ ከደንቡ ሁሉ የሚበልጠው አከራይ ዋጋ እንዳይጨምርና እንዳያስወጣ የከለከለው ነበር አለ። አምስት ወር በሰላም ተኛ። አዋጁ እንዳበቃ በዓመት በዓል ማግስት ኪራዩ ተጨመረበት።

30. አከራይ ናት፣ ኮስተር ያለች። ባሏ የሞተባት፣ ከሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ኪራይ በቀር ገቢ የሌላት። ሁለቱ ተከራዮቿ ሥራ ስለቆመባቸው መክፈል አቆሙ። አላስወጣቻቸውም፣ ማስወጣትም አትችልም። ለእሷ ግን ማን ምን አዘዘላት? የሕንፃ ባለቤቶች ኪራይ ማሩ ተብሎ በቴሌቪዥን ሲመሰገኑ እሷ የመብራት ቆጣሪ ክፍያ ተበድራ ነበር። ነርስ ላይ ቧንቧ የምትቆልፍ አከራይ ሰው አይደለችም፣ ሁላችንን ግን በእሷ አትቁጠሩን አለች።

31. ነርሷ ተመልሳ ይህችኛዋን በአክብሮት አመሰገነች። በክሩ ውስጥ ለስለስ ያለችበት ብቸኛ ቦታ ነው።

32. አንዱ የ2016ቱን የቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320ን አመጣ። ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ አከራይ ባሻው ጊዜ መጨመር የለም። በኮሮና ጊዜ የተጀመረው ነገር ቋሚ ሆነ ባይ ነው። ሁለቱ ሕጎች የወጡበት ምክንያት ለየቅል ነው፣ ግን ተከራዮቹ ግድ አላላቸውም፣ በላይክ ሞሉት።

ከ33 እስከ 40 የአከራይና የተከራይ ጦርነት ነው። ውሉን ሳታስመዘግብ የምታከራይ፣ ከውሉ ውጭ በእጅ የሚቀበል፣ ውሃ በፈረቃ የሚለቅ፣ እንግዳ አታምጣ የሚል። ኮሮና የሚለው ቃል ከ34 በኋላ አንድም ቦታ የለም። አከራይዋ ለሁሉም እየተነሳች ስትመልስ አመሸች። በመጨረሻ 41ኛው መላሽ ክርክሩን ሁሉ ዘሎ ከሦስቱ ሰርቪስ ክፍት ካለ ስንት እንደሆነና ለብቻው ቆጣሪ እንዳለው ጠየቃት። እስካሁን አልመለሰችለትም።